በክሱ ላይ ያልተጻፈው ክስ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሕግ ተማሪዎች፣

የጥንቷ ግሪክ ከተማ የአቴና ፈላስፋ ሶቅራጥስ ጥፋተኛ መባል ይገባው ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሰውየው ጻድቅ፣ አቴናውያን ጨካኞች፣ በቃ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን እንዲያ አልሆነልኝም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ነው። የ70 ዓመቱ ሽማግሌ የቆመው 500 ያህል ዳኞች ፊት ነበር፤ በዕጣ የወጡና በቀን ሦስት ኦቦል፣ ማለትም ሦስት ትንንሽ የብር ሳንቲም፣ የሚከፈላቸው ተራ ዜጎች። የንግግር ጊዜ የሚለካው ከማሰሮ በሚወርድ ውኃ ነበር። ዐቃቤ ሕግ አልነበረም፤ የፈለገ ዜጋ ይከስሳል። ሜሌጦስ የተባለ ወጣት፣ አኒጦስና ሊቆን ከጎኑ ቆመው፣ ሶቅራጥስ የከተማዋን አማልክት አይቀበልም፣ አዳዲስ መናፍስት ያስገባል፣ ወጣቶችንም ያበላሻል ሲል ከሰሰው።

መስቀለኛ ጥያቄ መማር የሚፈልግ ቀጥሎ የሆነውን ይመልከት። ወጣቱን የሚያንጸው ማን ነው? ሲል ሶቅራጥስ ከሳሹን ጠየቀ። ዳኞቹ፣ አለ ሜሌጦስ። ታዳሚውስ? እርሱም። የምክር ቤቱ አባላትስ? እነርሱም። ታዲያ የማበላሸው እኔ ብቻ ነኝ? አዎን፣ አንተ ብቻ! ፈረስን ሰው ሁሉ ሲገራው አንድ ሰው ብቻ ያበላሸዋልን? መልስ የለም። ጥቂት ቆይቶ ሜሌጦስ ሶቅራጥስ በምንም አምላክ አያምንም አለ። አዳዲስ መናፍስት አስገባ ያለውም እርሱ ራሱ ነው።

እንዲህ የላላ ክስ እንዴት አሸነፈ? መልሱ ክሱ ላይ አልተጻፈም። ከፍርዱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404፣ አቴና በተቀናቃኟ ከተማ በስፓርታ ተሸነፈች፤ ሠላሳ ገዢዎችም ተሾሙባትና በጥቂት ወራት 1,500 ያህል ሰው ፈጁ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ክሪቲያስ የሶቅራጥስ ባልንጀራ ነበር። በ403 ዴሞክራሲው ሲመለስ ያለፈውን በደል አንስቶ መክሰስ በምሕረት ዐዋጅ ተከለከለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ በክሪቲያስ ጉዳይ መክሰስ ሲከለከል ክሱ በአማልክት ስም መጣ። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም፤ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ኤስኪኔስ የተባለው ተናጋሪ ሶቅራጥስን የገደላችሁት ክሪቲያስን አስተምሯል ብላችሁ ነው ሲል ለአቴና ዳኞች በግልጽ ነግሯቸዋል።

የዳኞቹ ቁስል ይገባኛል። በሠላሳዎቹ ዘመን ወንድሙን የቀበረ ሰው እዚያ ወንበር ላይ አልነበረም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ሠላሳዎቹ ሶቅራጥስን ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ጠርተው ሊዮን የተባለውን ሰው ለሞት ከሳላሚስ ደሴት እንዲያመጡ ሲያዝዙ አራቱ ሄዱ፤ እርሱ ወደ ቤቱ ገባ። ትእዛዙን የጣሰው እነዚያው ገዳዮች በሥልጣን ላይ ሳሉ ነው። የክሪቲያስን ኃጢአት የሚያሸክመው ሰው ይህን ምን ያደርገዋል?

ተከሳሹም እንደ ደንበኛ ጠበቃውን የሚያስለቅስ ነው። ሠላሳ ድምፅ ወደ እርሱ ቢዞር ነጻ በወጣ ነበር። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ቅጣትህን ራስህ አቅርብ ቢሉት፣ የኦሎምፒክ አሸናፊዎች በሚስተናገዱበት በመንግሥት ማዕድ ልመገብ አለ! ወዳጆቹ ዋስ ሆነው 30 ምናስ (የብር ገንዘብ) መቀጮ ሲያቀርብ ዳኞቹ ተቆጥተዋል። ትዕቢት ነው? ሊሆን ይችላል። በየትኛው አንቀጽ ግን ያስቀጣል?

እኔ ከዳኞቹ አንዱ ብሆን ድምፄ በነጻ ይሰናበት ነበር። የማሰሮዬ ውኃ አልቋል፤ ተራው የተቃራኒው ወገን ነው።