ሴት በቀን ትጋደም
በሐዋሳ፣ የካቲት 29 ቀን፣ በሴቶች ቀን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶቼና እህቶቼ፣ የተከበራችሁ የዕለቱ እንግዶች፤

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሴቶች ጤና በአጠቃላይ ነበር። በአዋላጅ ነርስነት 31 ዓመት ስላገለገልሁ በአጠቃላይ መናገር አይቸግረኝም። ይሁን እንጂ እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዳንዶቻችሁን አዋልጄአለሁ፣ አንዳንዶቻችሁን ደግሞ ስትወለዱ በእጄ ተቀብያለሁ፤ እንደ እንግዳ ከላይ ከላይ ተናግሬ ብወርድ ትታዘቡኛላችሁ። የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ልናገር ነው፤ እርሱም መጋደም ነው። ሴት ሳትታመምና ሳትወልድ፣ በቀን፣ ግማሽ ሰዓት በጀርባዋ መጋደም አለባት እላለሁ።

ይህ የማወራላችሁ መጋደም ሥርዓትና ስም አለው። ዮጋ ኒድራ ይባላል፤ ኒድራ በሳንስክሪት እንቅልፍ ማለት ነው። ዛሬ በሚታወቅበት ቅርጽ ያዘጋጁት ስዋሚ ሳትያናንዳ ሳራስዋቲ የተባሉ፣ በሕንድ ቢሃር ግዛት በሙንገር ከተማ የዮጋ ትምህርት ቤት ያቋቋሙ መምህር ናቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ነው። እኔ የተማርሁት አብራን ከሠራች ሕንዳዊት ሐኪም ነው፤ እርሷ ከረጅም የማዋለጃ ክፍል ተረኝነት በኋላ በሩን ዘግታ ወለል ላይ ስትጋደም መጀመሪያ ታማ መስሎን ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል ስንጀምር ዘጠኝ ሴቶች መጡ። አንዷ በሐይቃችን ዳር፣ በአሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ፣ የአራት ልጆች እናት ነበረች። ወገቧን ያማታል፤ የወር አበባዋ ሲመጣ ሁለት ቀን ጥርሷን ነክሳ ትሠራለች፤ ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳትም። መድኃኒት የምሰጣት መስሏት ነበር። ሰሌን ላይ በጀርባዋ አጋደምኋት፣ የተጠቀለለ ጋቢ ከጉልበቷ ሥር አደረግሁላት፣ ሌላም አለበስኋት፤ ሰውነት ዝም ሲል ይቀዘቅዛልና። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርሁ፦ የቀኝ እጅ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት፣ መዳፍ፣ አንጓ፣ ክርን፣ ትከሻ። የተጠራውን አካል ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ በሐሳብ ደርሶበት ማለፍ ብቻ ነው። በቀኝ ጎን እስከ እግር ጣቶች ወርደን ወደ ግራው ተሻገርን። ከዚያ በኋላ እስትንፋስን ከ27 ወደ ኋላ እየቆጠሩ መከታተል፣ ሰውነትን አንዴ ከብዶ አንዴ ቀልሎ መስማት፣ ከዚያም በዓይነ ሕሊና ሥዕል ማየት ይቀራል፤ ለሥዕሉ እኔ የመረጥሁት ሐይቃችንን፣ ገና ጀልባ ሳይገባበት በማለዳ ነበር። ነገር ግን ያቺ እናት ሐይቁ ጋ አልደረሰችም። የግራ ጉልበት ስል አንኮራፋች።

መምህራኑ አትተኙ ይላሉ፤ ሥራው በንቃትና በእንቅልፍ መካከል ባለው ደፍ ላይ መቆየት ነውና። እኔ ግን ያቺን ሴት በየትኛው አንጀቴ ልቀስቅሳት? መርሐ ግብሩ ሲያልቅ ራሷ ባንና ተነሥታ «ወጡ አረረ!» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እርሷ አልሳቀችም። «ሲስተር» አለችኝ፣ «የመጨረሻዋን ልጄን ታርሼ ከተነሣሁ ወዲህ በቀን ተጋድሜ አላውቅም፤ ያቺ ልጅ ዛሬ ስድስተኛ ክፍል ናት።»

በሚቀጥለው ሳምንት ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። ለካ ጎረቤት «በጠራራ ፀሐይ የሚተኛ ሥራ ፈት ነው» ብሏት ኖሯል። ከወር በኋላ ስትመለስ ዘንቢል አንጠልጥላ ነበር፤ ለቤቷ ሰዎች ገበያ እሄዳለሁ ብላ ነው የወጣችው። ዕረፍቷን እንደ ሰረቀችው ዕቃ ደብቃ መጣች።

እህቶቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያንገበግበኝ ይህ ዘንቢል ነው። ሴት ስትወልድ አርባ ቀን እናስተኛታለን፤ ገንፎ እናገነፋለን፣ ቅቤ እንቀባታለን፣ ብርድ እንዳይመታት በር እንዘጋለን። ዕረፍት ለሴት አካል እንደሚያስፈልግ አናውቅም ማለት አንችልም፤ አሳምረን እናውቃለን። ታዲያ በአርባ አንደኛው ቀን የምትሆነው ምንድን ነው? ብረት ናት? ስንናገር ደግሞ «ቡና አለላችሁ አይደል፣ ቡና ዕረፍት ነው» ይሉናል። ለማን? ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበናውን ጥዳ፣ እስከ በረካው ቀድታ፣ ስኒውን አጥባ የምትነሣው ማን ናት? ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት ይባላል። በችሎት መቀመጫ አለ፤ በማጀት ግን ቋሚ ናት። እንሰት ስትፍቅ የዋለች እናት፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ስትሰፋ ያደረች ልጅ ግማሽ ሰዓት ብትጋደም ሥራ ፈት የሚላት አፍ፣ እርሷ የሠራችውን እየበላ ነው የሚናገረው!

አንዳንድ እናቶች ይህ የሌላ ሃይማኖት ነገር አይደለምን ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሥርወ መሠረቱ ከሕንድ መንፈሳዊ ልማድ እንደሆነ አልሸሽግም። በእኛ ክፍል ግን የሚጠራ የሌላ አምላክ ስም የለም፤ የሚጠራው ክርንና ጉልበት ነው። በመጀመሪያና በመጨረሻ አንዲት አጭር የልብ ውሳኔ በዝምታ የሚባልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ሙስሊሟም፣ ኦርቶዶክሷም፣ ፕሮቴስታንቷም የየራሷን ትላለች፤ እኔም አልሰማም።

ጥቅሙን ሳጋንን እንዳትይዙኝ እጠነቀቃለሁ። የተጨነቀ ሰው ልቡ ይፈጥናል፣ ጡንቻው ይወጠራል፤ ሲጋደምና ወደ ውጭ የሚወጣው እስትንፋሱ ሲረዝም የልቡ ምት ዝግ ይላል። በሕንድ ላክናው ከተማ የወር አበባ መዛባት ያለባቸውን 150 ሴቶች ለሁለት ከፍለው ስድስት ወር የተከታተሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል፤ ዮጋ ኒድራ በሚለማመዱት ዘንድ ቀላልና መካከለኛ ጭንቀትና ድብርት ቀንሷል፣ በጠናባቸው ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ የጠናበት ወደ ሐኪም ይሂድ። ደሟ የሚበዛባት፣ ሕመሙ የሚጥላት ሴትም መጀመሪያ ትመርመር፤ ሰሌን የደም ማነስ አያክምም።

ነፍሰ ጡሮች ወራችሁ ሲገፋ በጀርባ አትጋደሙ፤ ማሕፀን ትልቁን የደም ሥር ይጫናልና በግራ ጎን ሁኑ። ዓይኗን ስትጨፍን ክፉ ትዝታ የሚመጣባትም ገልጣ ታድምጥ፤ ማንም አያስገድዳትም።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። ዛሬ ሠላሳ አራት ነን፤ ያቺ ጠባብ ክፍል አትበቃንም። አንድ መሥሪያ ቤት ሰፊ ክፍል ፈቅዶልን፣ ፎቶግራፍም ተነሥተንበት ነበር። በወሩ ስንሄድ የተሰበሩ ወንበሮች ሞልተውበት ተቆልፎ አገኘነው። ስንጠይቅ «ለመተኛት ክፍል አይሰጥም» ተባልን። ወንበሮቹ ግን ይኸው ዓመት ከአራት ወር ተኝተውበታል። ጉዳዩ የሚመለከታችሁ ከፊት ረድፍ ተቀምጣችኋልና ቁልፉን ለማን እንደምትሰጡን አሁኑኑ ልትነግሩን ትችላላችሁ። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሰሌናችንንና ጋቢያችንን ይዘን በሩ ላይ እንገኛለን፤ ወንበሮቹን ራሳችን እናወጣለን።