ላሜራው ከተቆረጠ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን የማወራበት ክፍል ነው። የማነሣው ጉዳይ ከመንገድ ውጪ የሚነዱ መኪኖችን የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ እንደ ዋዛ የሚያልፉት ነው፤ ይኸውም ለትልቅ ጎማ ቦታ ለማግኘት የጎማ ቤቱ ላሜራ ከተቆረጠ በኋላ የተከፈተው ጠርዝ እንዴት ተጠግኖ እንደሚታሸግ ነው። ስለ መቁረጡ የሚናገር ሰው ሞልቷል። ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር መፋተጉን ሲያቆም ብዙዎች ሥራው አለቀ ይላሉ፤ እኔ ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን ለመረዳት ከላሜራው አሠራር መነሣት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ መኪኖች የፊተኛው ፓራፋንጎ በብሎን የሚታሰር ነጠላ ላሜራ ስለሆነ ቢበላሽ እንኳ አውልቆ በሌላ መተካት ይቻላል፤ በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም። የኋላው ግን ሌላ ነው። ከውጭ የምናየው የቦዲው ጎን አንድ ላሜራ ነው፤ ከውስጥ በኩል ጎማውን በቅስት የሚሸፍነው ደግሞ ሁለተኛ ላሜራ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በጎማው ዙሪያ ባለው ጠርዝ ላይ ተደርበውና በነጥብ ብየዳ ተያይዘው ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በብዙ መኪኖች ከበሩ ሥር እስካለው ሣጥን መሰል ክፍል ድረስ ይወርዳል። እንግዲህ ያንን ጠርዝ ቆርጠን ስንጥል ሁለት ነገር አብሮ ይሄዳል፤ አንደኛው ሁለቱን ላሜራዎች አንድ አድርጎ ያጠነከራቸው ማያያዣ፣ ሁለተኛው ውኃና ጭቃ ወደ ክፍተቱ እንዳይገባ ያገደው መዝጊያ ነው። ጎማው በሚሽከረከርበት ጊዜ ጭቃውን የሚወረውረው በቀጥታ ወደዚያው ወደ ተከፈተው አፍ መሆኑን ስታስቡት ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ይገባችኋል።

አንድ ወዳጄ ከሌላ ሰው የገዛውን መኪና እንዳይለት ጠርቶኝ ነበር። ከውጭ ሲታይ እንከን አልነበረውም፤ የኋላው የጎማ ቤት ጠርዝ ወፍራምና ልስልስ ያለ ጥቁር ቅብ ተቀብቶ፣ በላዩም የላስቲክ ጠርዝ ገብቶበት ነበር። ቅቡን በካቻቪቴ ጫፍ ስጫነው ወደ ውስጥ ሰረጎደና ውኃ አወጣ። ላስቲኩን ሳወጣው ከሥሩ የነበረው ሲሊከን ከላሜራው ጋር ጨርሶ ስላልተያያዘ እንደ ገመድ ተጎትቶ አብሮት መጣ፤ ሲሊከኑ የነበረበት ቦታ ላይ ብረቱ ቡናማ ሆኖ በቅርፊት ቅርፊት ተሰነጣጥቆ ነበር። ዝገት ከተሠራበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ በሁለት ላሜራዎች መካከል ሲወፍር ደግሞ እየገፋ ይለያያቸዋል። ከታች ያለውን የውኃ መውረጃ ቀዳዳ በሽቦ ስከፍተው መጀመሪያ የደረቀ ጭቃ፣ ቀጥሎም የዛገ ውኃ ለረጅም ጊዜ ተንጠባጠበ። መኪናው ለቀናት በጠራራ ፀሐይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው፣ ያንን መኪና የሠራው ሰው ሰነፍ ነበር ወይ የሚለውን ነው። አልመሰለኝም፤ የቆረጠው መስመር ቀጥና ንጹሕ፣ ግራና ቀኙም እኩል ነበር። እንደሚመስለኝ ማሸጉ የደረሰው ሲመሽ፣ ጎማው ተገጥሞ መኪናውን ለመንዳት ልብ በቸኮለበት ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት እኔ ማሸጊያውን፣ ከቀለም በፊት የሚቀባውን ፕራይመርና ወደ ክፍተቱ የሚረጨውን ዝገት ተከላካይ ሰም ገዝቼ ጠረጴዛ ላይ ሳልደረድር ግራይንደር አልነካም፤ የማሸጉንም ሥራ ለብቻው ቀን እሰጠዋለሁ።

ወደ ሥራው ልግባ። ከመቁረጥ በፊት የሚለካው የቆመ ጎማ አይደለም። ሞላውን አውጥቶ አክስሉን በክሪክ እስከ መጨረሻው ማንሣት፣ የፊት ከሆነ ደግሞ መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን ጨርሶ ማዞር ያስፈልጋል፤ ጎማው ሲነሣ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላም ስለሚሄድ የሚነካውን ቦታ በግምት ማግኘት አይቻልም። በዚህ መንገድ የተለካ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ሰው አስቀድሞ ካሰበው ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ያልተቆረጠ ላሜራ ደግሞ መጠገን አያስፈልገውም። ከውስጥ በኩል ያለውንም ማየት ግዴታ ነው። የነዳጅ መሙያው ቱቦ፣ የኋላ መብራት ሽቦዎች፣ በአንዳንድ መኪኖችም የደኅንነት ቀበቶው የሚታሰርበት ቦታ በዚያው አካባቢ ይገኛሉ። የመቁረጫው መስመር ቀበቶው ወደሚታሰርበት ላሜራ የሚጠጋ ከሆነ የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ትንሽ ጎማ ግዙ።

ለመቁረጥ ብዙ ሰው የሚያነሣው ግራይንደር ነው፤ ፈጣን መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ጠርዙን ያግለዋል፣ ከመስመሩ አልፎ ያለውን ቀለምና የዚንክ ልባስ ያቃጥላል፣ ፍንጣሪውም መስታወት ላይ ካረፈ ተጣብቆ ይቀራል። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ ቀስ ቢልም ብረቱን አያቃጥልም፤ የምመርጠውም እሱን ነው። የውጩን ላሜራ በተሰመረው ልክ እቆርጣለሁ፤ የውስጡን ግን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝሜ አስቀርና በየ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትሩ ሰንጥቄ፣ እያንዳንዱን ምላስ በመዶሻ ወደ ውጭ እያጠፍኩ ከውጩ ላሜራ ጀርባ ጋር አገጥመዋለሁ። ቅስቱ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሊሰፋ ስለሚችል ምላሱ የማይደርስበት ቦታ ይኖራል፤ እዚያ ላይ ምላሱን በግድ ከመሳብ ይልቅ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ላሜራ ቁራጭ አዘጋጅቶ መሙላት ይሻላል። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ማደብዘዝም አይዘለልም፤ ቀለም ከስለታም ጠርዝ ላይ ሸሽቶ ስስ ሆኖ ስለሚደርቅ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አሁን ብየዳው። የቦዲ ላሜራ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ ጋዝ ከአየር በሚከልለው የኤሌክትሪክ የሽቦ ብየዳ፣ 0.6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጭን ሽቦ፣ በተራራቁ ነጥቦች ነው የሚበየደው። አንድ ነጥብ እዚህ፣ ቀጣዩን ከሌላው ጫፍ፣ የመጀመሪያው በእጅ እስኪነካ ድረስ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መመለስ ነው፤ ሳያቋርጥ መስመር እየሳበ የሚበይድ ሰው የቦዲው ጎን ሲጣመም ያየዋል፤ ያንን ማቃናትም ከቆረጣው በላይ አድካሚ ነው። ከዚህ ሌላ ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ብረቱ ግን የሚቀልጠው ወደ 1,500 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ብየዳው በነካበት ቦታ ሁሉ የፋብሪካው መከላከያ ተንኖ ሄዷል ማለት ነው፤ ጭሱም ወደ ሳንባ ከገባ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስከትላልና ነፋስ ባለበት ቦታ ተገቢውን ጭምብል አድርጎ መሥራት ይገባል። የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፣ የነዳጅ ቱቦው ተነሥቶ አፉ ይደፈናል፣ የእሳት ማጥፊያውም እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል።

ብየዳ ለማይፈልግ ሰው ሁለት ክፍል ተቀላቅሎ የሚሠራ የቦዲ ማጣበቂያ ከሪቬት ጋር ጥሩ ምርጫ ነው፤ ብረቱን ሳያግል ያያይዛል፣ እግረ መንገዱንም ላሜራዎቹ የሚገናኙበትን ስፌት ያሽጋል። ዕርቃኑን የወጣና በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ብረት ይፈልጋል፤ እስኪደርቅም በማጥበቂያ ተይዞ መቆየት አለበት። ሸክም በሚሸከም ክፍል ላይ ግን የመኪናው አምራች ያዘዘውን የጥገና ዘዴ መከተል እንጂ በራስ ፍርድ መተካት አይገባም።

ስለ ማሸጉ ስናገር ከሁሉ በላይ የምከራከርበት ቅደም ተከተሉን ነው። ብረቱ ከዝገትና ከዘይት ይጸዳል፣ ኤፖክሲ ፕራይመር ይቀባል፣ በላዩ የስፌት ማሸጊያው ይገባል፣ ከዚያ ቀለሙ ይከተላል፣ በመጨረሻም ሰሙ ወደ ክፍተቱ ይረጫል። ተራው ፕራይመር እርጥበት ስለሚያሳልፍ ብቻውን ከተተወ ብረቱን አይጠብቅም፤ ኤፖክሲው ግን ውኃን ይከለክላል። ማሸጊያው ለቦዲ ሥራ ተብሎ የተሠራ ፖሊዩሪቴን ወይም ተመሳሳይ መሆን አለበት። ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊከን አሲድ ስለሚለቅ ራሱ ብረቱን ያዝገዋል፤ ቀለምም አይይዝም። ስቱኮም እርጥበት ይጠጣል፤ ቅርጽ ለማስተካከል እንጂ ለማሸግ አልተሠራም።

ማሸጊያውን በጓንት ጣት እየተጫንኩ ከእያንዳንዱ ምላስ ሥርና ከስንጥቆቹ መካከል አስገባዋለሁ፤ ጠርዙንም በብሩሽ አሳሳዋለሁ፣ ወፍራም ጠርዝ ጭቃ ሲመታው ይላቀቃልና። ቀለም ከመቀባቴ በፊት የማደርገው ፈተና አለ። ትንሽ የባትሪ መብራት ወደ ክፍተቱ አስገብቼ የጋራዡን መብራት አጠፋና ከጎማው በኩል ተኝቼ አያለሁ፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየች ውኃ የሚገባባት መንገድ ናትና በኖራ ምልክት አድርጌ እመለስባታለሁ። ሌላው መጠንቀቅ ያለብን ነገር ከልክ በላይ ማሸግ ነው፤ ከታች ያሉት የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ክፍተቱ ገንዳ ይሆናል።

ሰሙ የሚገባው ብየዳውም ቀለሙም ካለቀ በኋላ ነው፤ ከብየዳ በፊት ከተረጨ በእሳት ይቃጠላል። ጫፉ ዙሪያውን በሚረጭ ቀጭን ቱቦ ከነባሮቹ ቀዳዳዎች ይገባና ከመውረጃዎቹ ጠብ ጠብ ማለት እስኪጀምር ይሞላል። ጠብታው ሲቆም መውረጃዎቹን በሽቦ ደግሞ መክፈት ያስፈልጋል።

የላስቲክ ጠርዝን በተመለከተ የብዙ ሰው ምርጫ ከእኔ እንደሚለይ አውቃለሁ። ያምራል፣ ስለታም ጠርዝም ይሸፍናል፤ ነገር ግን ጭቃና እርጥበት ከሥሩ ይዞ ይቆያል፣ ከሥሩ የሆነውንም ይደብቃል። የእኔ መኪና ጠርዙ በቀለም ብቻ ነው የተተወው፤ ጠጠር ሲልጠው ይታየኛል፣ ያንኑ ቦታ ፍቄ ፕራይመርና ቀለም እነካዋለሁ። ጭቃ ከበዛበት ጉዞ ስመለስ ውኃውን በግፊት ሳይሆን በለዘብታ ከውስጥ በኩል አፈስሳለሁ፣ መውረጃዎቹ ማንጠባጠባቸውን አያለሁ፤ ሰሙም ከጊዜ ብዛት ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ በየዓመቱ በዚያው ቱቦ ይታደሳል። ቱቦው የሚገባበትን ቀዳዳ በጎማ ክዳን ብቻ የዘጋሁትም ለዚሁ ነው።