ዲግሪ ያዝኩ፣ ደመወዜ ግን አልተነቃነቀም
በትናንቱ ፕሮግራም ሰዓት አልቆብን ሳንመልሳቸው የቀሩ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩ። ሦስቱም ስለ መንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ደመወዝ ናቸው።

«የኮሌጅ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በዲፕሎማ ተቀጥሬ በማታ ተምሬ ዲግሪ ያዝኩ። ማስረጃዬን ፋይሌ ውስጥ አስገብቻለሁ። ደመወዜ ለምን አይነሳም?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ቀን ሠርቶ ማታ መማር ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ደመወዝ የሚወጣው ለሥራ መደቡ ነው፣ ለሰውየው አይደለም። ከአሰልጣኞች ውጪ ያለው ሠራተኛ፣ ጥበቃውም ሒሳብ ሠራተኛውም፣ መደቡ ተመዝኖ ከ22ቱ ደረጃዎች በአንዱ ላይ ይቀመጣል። ዲግሪሽ ክፍት መደብ ሲወጣ ያወዳድርሻል እንጂ ያለሽበትን መደብ አያሳድገውም። ስለዚህ የውስጥ ማስታወቂያ እንዳያመልጥሽ።

ከዚህ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ለአምስት ወርክሾፕ የብየዳ ዘንግ፣ የቶርኖ ቢላ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ታወጫለሽ፤ ማታ ቆጥረሽ ትረከቢያለሽ፤ አንድ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከጠፋ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። የሥራ ዝርዝርሽ ላይ ያለው ግን «ዕቃ ይረከባል፣ ያስረክባል» የሚል አንድ መስመር ነው አልሽኝ። መዛኞች የሚያዩት ወረቀቱን ነው! የምትሠሪውን ሁሉ ዘርዝረሽ ጻፊ፣ አለቃሽን አስፈርሚ፣ ለሰው ሀብት በደብዳቤ አስገቢ፣ ቅጂውን ያዢ።

«ዲን ነኝ። ጎበዝ የብየዳ አሰልጣኜ ወደ ግል ድርጅት ሊሄድብኝ ነው። ደመወዙን መጨመር እችላለሁ?»

አይችሉም። የደመወዝ ስኬሉ (የደረጃና የክፍያ ሠንጠረዡ) ከመንግሥት የሚመጣ ነው፣ ኮሌጁ በራሱ አይነካውም። የሚያዋጣዎት የክልልዎን የውስጥ ገቢ መመሪያ፣ ማለትም ኮሌጁ ራሱ ስለሚያገኘው ገንዘብ የወጣውን፣ አገላብጦ ማየት ነው። ለማታና ለቅዳሜ ሥልጠና ክፍያ የሚፈቅድ ከሆነ ሰውየውን እዚያ ላይ ይመድቡት። እኔ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። አሰልጣኝ ከታች ወደ ላይ ሲ፣ ቢ፣ ኤ ተብሎ የሚመደበው በዋናነት በትምህርት ደረጃው ነው። 15 ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው ዲግሪ ስለሌለው ብቻ ሲ ላይ ሲቀር ያመኛል፣ ምክንያቱም ልጆቹ ሙያውን የሚለምዱት የእሱን እጅ እያዩ ነው። የኢንዱስትሪ ልምድ በስኬሉ ውስጥ በደንብ መቆጠር አለበት።

«ኮሌጁ ፋይናንስ ክፍል በዲግሪ ተቀጠርኩ። 11,500 ተብዬ እጄ የገባው 8,595 ነው። ተበላሁ እንዴ?»

አልተበላህም ወንድሜ። 11,500 ከመስከረም 2018 ጀምሮ የጀማሪ ባለ ዲግሪ መነሻ ነው። በአዲሱ የግብር ሕግ 30 በመቶው 3,450 ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ሕጉ የሚያስቀንሰው 1,350 ሲነሳ ግብርህ 2,100 ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 805 ብር። ድምሩ 2,905፤ ከ11,500 ሲቀነስ 8,595 ይቀርሃል። መሥሪያ ቤትህም በበኩሉ 11 በመቶ ጡረታ ይከፍልልሃል፣ ይሄ ከደመወዝህ አይቆረጥም። የጡረታ መለያ ቁጥርህ ወጥቶ እንደሆነ ግን ዛሬውኑ ጠይቅ።