ወንዙን በጆሮው ያልሰማው ሰው

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ማታ አብረን የምንሰማው ሙዚቃ 12 ደቂቃ ገደማ ነው። ዘፋኝ የለውም፣ ግጥምም የለውም። ግን የአገር ታሪክ ይተርካል። «ቭልታቫ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በቼኮች ዋና ከተማ በፕራግ መሃል ከሚያልፈው ወንዝ ነው።

የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ቤድርዢህ ስሜታና የጻፈው በ1874 ነው፤ የምጠራው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው። ያኔ ቼኮች የራሳቸው መንግሥት አልነበራቸውም፣ የሚገዟቸው የኦስትሪያ ነገሥታት፣ ሃብስበርጎች፣ ነበሩ። ስሜታና ራሱ የተማረው በጀርመንኛ ነው። ቼክኛ አስተካክሎ መጻፍ የጀመረው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። አገሩን እንዲህ አጥብቆ የያዛት፣ ቋንቋዋን ዘግይቶ ስላገኘው ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሁለቱም ጆሮዎቹ ደነቆሩ። «ቭልታቫ»ን ኖቬምበር 20 ጀምሮ ዲሴምበር 8 ጨረሰው። ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። አንዲቷንም ኖታ በጆሮው አልሰማትም።

እባካችሁ መጀመሪያዋን አታሳልፏት። አንድ ፍሉት፣ የፈረንጅ ዋሽንት፣ ብቻውን ይንቆረቆራል። ሁለተኛው ይመጣና ይቀበለዋል። ሁለት ምንጮች ናቸው። ቫዮሊኖቹ ክራቸውን በጣት ቆንጠር ያደርጋሉ፤ ጠብ፣ ጠብ የሚል ውሃ ነው። ክላርኔቶቹ ይጨመራሉ፣ ምንጮቹ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ዋናው ዜማ ቀስ ብሎ ይነሳል። እኔ ሁሌም እዚህ ጋ ሆዴ ይባባል።

ወንዙ መንገዱን ይቀጥላል። ከጫካ የአዳኞች ጥሩምባ ይሰማል። የገጠር ሰርግ ላይ ፖልካ የሚባለው የቼኮች ጭፈራ ይጨፈራል። ጨረቃ ትወጣለች። ኋላ ድንጋያማ ጠባብ ቦታ ላይ ውሃው ይናወጣል። ያ ቦታ ዛሬ በግድብ ውሃ ተውጧል፤ ጩኸቱን የምናገኘው እዚህ ሙዚቃ ውስጥ ነው።

ዜማው የድሮ የጣልያን ዜማ ይመስላል። ቢመስልስ? ቼኮች የራሳቸው አድርገውታል።

«ቭልታቫ» «አገሬ» ከተባለው ባለ ስድስት ክፍል ሥራ ሁለተኛው ነው። የፕራግ ስፕሪንግ የሙዚቃ ፌስቲቫል በየዓመቱ ሜይ 12፣ ስሜታና ባረፈበት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሥራ ይከፈታል። ራፋኤል ኩበሊክ የሚባል የቼክ ኦርኬስትራ መሪ፣ በ1948 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ አገሩን ጥሎ ወጥቶ ነበር። ኮሚኒስቶቹ ከሥልጣን ወርደው በ1990 ሲመለስ፣ ፌስቲቫሉን የከፈተው «አገሬ»ን እየመራ ነው። 42 ዓመት በስደት ቆይቶ!

አሁን መብራቱን ቀነስ አድርጉልን። ፍሉቶቹ ሊጀምሩ ነው።

አመሰግናለሁ።