ውኃው የት ነው የሚቀመጠው?

የተከበራችሁ የሕንፃችን ነዋሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ኮሚቴው ስለ ኤሌክትሪክ እንድናገር የጠየቀኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን ወጥ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን የሚያድስ በዝቷል። ሴራሚክ ሲቀየር ሶኬትም ይጨመራል። ሶኬቱ የሚተከልበትን ቦታ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ የገመዱ እርዝመት ነው።

የመታጠቢያ ቤቱ ነገር ግልጽ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ፣ ከሻወሩ ጠርዝ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ተራ ሶኬት አይተከልም። እንግሊዞች እንዲያውም 2.5 ሜትር ይራቅ ይላሉ። የእኛ መታጠቢያ ቤት በዚህ ቢለካ ሶኬቱ በሩን አልፎ ይወጣል። ይውጣ! ፀጉር ማድረቂያ ሳሎን ውስጥም ይሠራል።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን ያሰቡት ከቧንቧ የሚወርደውን ውኃ ነው። እኛ ዘንድ ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ከመጣም በኋላ በርሜልና ጀሪካን ውስጥ ገብቶ ይሰነብታል። በርሜሉ ኮሪደር ላይ፣ ጀሪካኑ ከፍሪጁ ጎን፣ የሶኬት ማራዘሚያው ደግሞ እዚያው ወለሉ ላይ። በጆግ በተቀዳ ቁጥር ወለሉ ይረጥባል። ስለዚህ ስትለኩ ከቧንቧው ብቻ አትለኩ፤ በርሜሉ ከሚቀመጥበትም ለኩ። ማራዘሚያውን ከወለል አንሡ።

ወጥ ቤት ውስጥ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ምጣዱ ነው። ሊጥ የነካ እጅ፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል ጠርዝ፣ ዙሪያውን ብረት። ከሸክላው ሥር ያለው የማሞቂያ ሽቦ ያንን ብረት ከነካ፣ ብረቱ 220 ቮልት ተሸክሞ ይቀመጣል። ገመዱ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ ብረቱን ከመሬት የሚያገናኘው ነገር የለም። ባለ ሦስት ሽቦ አስገጥሙለት፤ ሶኬቱም የመሬት መስመር እንዳለው አስፈትሹ። ምጣዱን ስታጸዱ ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከሶኬቱ ንቀሉት።

«ብሬከር አለን» የሚለኝ አይጠፋም። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ ሰውን አይደለም። የልብን ምት ለማዛባት የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ይበቃል፤ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይህን ከነመኖሩም አያውቀውም። ለሰው የተሠራው አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ነው። እንደ ጠንቃቃ ባለሱቅ የወጣውንና የተመለሰውን ኤሌክትሪክ ያስተያያል፤ 30 ሚሊአምፔር (የአንድ አምፔር ሦስት መቶኛ) ከጎደለበት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፤ በመታጠቢያ ቤታቸው ሶኬት ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ታገኛላችሁ፤ የዚሁ መሣሪያ ዓይነት ናቸው። እዚያ ለአዲስ ቤት መታጠቢያ የደንብ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ነው። እኛ ለሴራሚኩ ቀለም ሦስት ሱቅ እንዞራለን፤ ስለ አርሲዲ ግን ባለሙያውን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በየጥቂት ወሩ ተጫኑት። ካልቆረጠ አስቀይሩት።

አንድ ሰው ኤሌክትሪክ ይዞት ብታዩ በእጃችሁ አትጎትቱት። አስቀድማችሁ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉ። ልጆቻችሁም ማብሪያ ማጥፊያው የት እንዳለ ይወቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተመዘገበ ሁሉ በየቤቱ እየዞርኩ አያለሁ። እንግዳ ይመጣል ብላችሁ ቤቱን አታሰናዱልኝ፤ ጀሪካኑም ማራዘሚያውም በየቦታቸው ይቆዩኝ።