ገብሱን ለቆሎ፣ ቡናውን ለቡና

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የኮሚቴ አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ሰብሳቢያችን “ስለ ቁጠባ ትንሽ ነገር ይበሉን፤ ግን አያስረዝሙ” ብለውኛል። ሁለተኛውን ለማክበር እሞክራለሁ።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለውን ተረት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማ የለም። እኔም ሒሳብ ሹም ሳለሁ ከዚሁ መድረክ ላይ ስንት ጊዜ እንደተረትኩት ቁጥሩን አላውቀውም። እንቁላሉ መሄዱን አልክድም። ግን እስኪሄድ ድረስ ጊዜውን እንዴት ነው የሚገፋው? ይሄን ጠይቀን አናውቅም። መሃል ላይ አኩርፎ ቢሰበርስ?

የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ መሃል ላይ ስላለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

ልጆቻችን ትንንሽ ነበሩ። የምንኖረው በኪራይ ነው። ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ለመሥራት አሰብኩና ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት የሚወጣ ሳንቲም ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፍ ጀመር። ክብሪት። ሳሙና። የልጅ እርሳስ። ማታ ማታ ደብተሩን እከፍትና “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” እላለሁ። ባለቤቴ ዛሬም ሰማያዊ ደብተር ስታይ ፊቷ ይለዋወጣል።

ብስክሌቴን ማስጠገን ተውኩ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ እግዜር ለብስክሌት ብሎ የደለደላት ነው የምትመስለው። እኔ ግን የተነፈሰ ጎማ ለማስለጠፍ ሰስቼ በእግሬ እመላለስ ነበር። በዚህ መሃል የጫማዬ ሶል አለቀ። ሶሉን ለማስቀየር ያወጣሁት ከጎማው በለጠ። ያንን ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም።

ከሁሉ የከፋው ግን የቡናው ነገር ነው። ባለቤቴ የዘጌ ልጅ ናት። ዘጌን ታውቁታላችሁ፤ ቡናው ትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ በወግ የተከለከለ ነው፤ ሰዉ ከጥንት ጀምሮ በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው የኖረው። ከእንዲህ ያለ አገር የመጣች ሴት ቤት እኔ ምን አደረግኩ? ገብስ አስቆላሁና ከቡናው ጋር አስወቀጥኩ። ግማሽ በግማሽ።

ቀለሙ ቡና ይመስላል። ሲፈላም ይመስላል። ሲጠጡት ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል፤ የጎደለው ደግሞ በየፉቱ ትዝ ይላችኋል። አንድ ቀን ጎረቤታችን መጣች። አንዴ ፉት አለችና ስኒውን ረከቦቱ ላይ መልሳ “ቶናው ይቆየኝ፤ ልጆቹን ብቻቸውን ትቼ ነው የመጣሁት” ብላ ሄደች። ልጆቿ በዚያን ሰዓት ትምህርት ቤት ነበሩ።

ስምንት ወር እንዲህ ኖርን። ከዚያ ፈነዳን። አንድ ቅዳሜ ለልጆች ጫማ ልንገዛ ገበያ ወጥተን ሶፋ ይዘን ተመለስን። ቀይ ሶፋ፣ አበባ ያለበት፣ ከውጭ የመጣ የሚመስል። ለቤቱ ካጠራቀምነው ግማሹ ሄደ። የሸጠልን ሰው “የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው” ብሎን ነበር። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አልነገረንም። ሰኔ ላይ ገዛነው፤ መስከረም ላይ አንድ እግሩ ተሰበረ። ጡብ ደግፈንለት ከረምን።

ባለቤቴ ያኔ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “አንተ ሰውዬ፣ ገብሱ ምን አደረገህ? ቡናውስ ምን አደረገህ?” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱን ያወጣችው እሷ ናት። ገብሱ ቆሎ ይሆናል። ቡናው ቡና ይሆናል። በየቀኑ መጠጣት ካልቻልን ቅዳሜና እሁድ ብቻ እንጠጣለን። ስንጠጣ ግን ምንም አይጎድልም።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አሁንም አስታውሳታለሁ። ከሐይቁ ዳር የታጨደ፣ ጤዛው ያልረገፈ ቄጤማ ገዝታ መጣች። ዋጋው ይህ ነው የሚባል አልነበረም። በዚያ ባለ አንድ ክፍል ቤታችን ወለል ላይ ስትጎዘጉዘው ቤቱ የሰፋ መሰለኝ። ሽታው ዓመት በዓል ነው። ቡናው ታጥቦ ምጣዱ ላይ መንጣጣት ጀመረ። ጠቆር ብሎ ወዙ ብቅ ሲል ጭሱን በየተራ አዞረችልን፤ በእጃችን እየሳብን አሸተትነው። ትንሹ ልጄ በዘነዘናው ምት ትከሻውን ይሰብቃል። ስኳር አልነበረም። ጓሮ ግን ጤና አዳም ነበረን፤ በየስኒው አንዳንድ ዘለላ ጣል ተደረገበት። ያ በደሉን የተሸከመው ገብስም ሱፍ ተቀላቅሎበት፣ እየተንሿሿ፣ ቆሎ ሆኖ ቀረበ።

ያቺ ጎረቤታችን አቦሉን ጠጣች። ቶናውን ጠጣች። በረካው ሳይቀዳ ልጇን ልካ ከቤቷ ዳቦ አስመጣች።

ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ደመርኩት። የቡና ወጪያችን ከድብልቁ ጊዜ አንሶ አገኘሁት። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ደመርኩ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ድብልቁ አያረካም፣ ስለማያረካ በቀን ሁለቴ እናስፈላው ነበር።

እኔ ከዚያ የተረዳሁት ይህንን ነው። ርካሽ ነገር የሚያሳፍረው የሌላ ነገር ምትክ ሆኖ ሲመጣ ነው። በራሱ ስም፣ በራሱ ወግ ሲመጣ አያሳፍርም። ሽሮን ተመልከቱ። “ሥጋ ስለሌለ ነው፣ ይቅርታ” ተብሎ ሲቀርብ ገና ሳይቀመስ ያንሳል። ያው ሽሮ ጥሩ ተደርጎ ተዘጋጅቶ በሸክላ እየተንተከተከ ሲመጣ፣ ጥብሱን ትቶ ወደ እሱ የሚዘረጋ እጅ ስንት አይታችኋል? ቀዩ ሶፋችን የሀብታም ቤት ሶፋ ምትክ ነበር። መደቡ ላይ የምናነጥፈው አጎዛ ግን የማንም ምትክ አልነበረም። አጎዛው እስከ ዛሬ አለ።

ዓሣውም እንደዚሁ ነው። በማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር የወረደ ሰው አጥማጆቹ ሲመለሱ ይደርሳል። ሥጋው ተገፍፎ ወደ ሆቴል ይሄዳል፤ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ጭንቅላትና አጥንት ይቀራል። እሱን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ቀቅሎ፣ ሎሚ ጨምቆበት የጠጣ ሰው ማን እንደተጎዳ ይነግራችኋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለዛሬ ለካህናቱ እንተወው።

አሁን ደግሞ ሐይቁ ዳር ስለምትጠልቀው ፀሐይ ላውራ።

አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሐይቁ ዳር ካሉት ዘመናዊ ቦታዎች ወደ አንዱ ጋበዘኝ። የቦታውን ስም ተዉት። ሁለት ጭማቂ ጠጣን። ሒሳቡ ሲመጣ የእኔ ጉሮሮ ነው የደረቀው፤ ከፋዩ ግን እሱ ነበር። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቷት ራሱን በስልኩ ያነሳል። ጨርሶ ሲዞር ጠልቃለች።

እኔ የራሴ ድንጋይ አለኝ። የት እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ትቀመጡብኛላችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አመሻሽ ላይ፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ብስክሌቴን ዛፍ አስደግፌ እቀመጥባታለሁ። አዎ፣ ጎማው ተለጥፏል። አንድ ሰው ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ሲቀመጥ የሚያየው ነገር አለ። ፀሐይ በአንድ ቦታ አትጠልቅም። በታኅሣሥ ወደ ግራዬ፣ ወደ ደቡብ ሸሽታ ነው የምትገባው። ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያለች ወደ ቀኝ ትመጣለች፤ ግንቦት ላይ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ጠጋ ትላለች። ሰኔ አጋማሽ ላይ ትመለሳለች። አሁን የግድግዳ መቁጠሪያ አልገዛም፤ እዚያ ተቀምጬ ወሩን እነግራችኋለሁ።

አንዳንድ ቀን ከደንገል የተሠራች ታንኳ ታልፋለች። መቅዘፊያው ውሃውን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ቀጭን ነው፤ ሞተር ጀልባ በአቅራቢያ ካለ አይሰማም። ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ወፎቹ ይንጫጫሉ፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ዝም ይላል። ያቺን ዝምታ እወዳታለሁ። ጣና ራሱ እኮ ባለጸጋ የሆነው በጥልቀቱ አይደለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። በዚያችው ጥልቀት ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ የሰፋው እሱ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ያለውን አሳምሮ ዘርግቶታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ፤ ከርዕሱ የወጣሁ ከመሰላችሁ ታገሱኝ። በትንሽ ገቢ የሚኖር ሰው ደስታው አብዛኛው የጋራ ነገር ነው። ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ፣ የዋርካው ጥላ፣ የዘንባባው ጎዳና። ሀብታም ሳሎኑን ቤቱ ውስጥ ይሠራል። የእኛ ሳሎን ውጭ ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዳር አጥር በበዛ ቁጥር ሳሎናችን ይጠባል። ፌስታልና ጠርሙስ በበዛ ቁጥር ሳሎናችን ይቆሽሻል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ደስ ይላል። ድንጋዬ ሥር ያሉትን የውሃ ጠርሙሶች ግን ዩኔስኮ አያነሳቸውም። በየቀኑ አንድ አሮጌ ከረጢት ይዤ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ሞልታ ነው።

ሌላው ነገር ጾም ነው። አያቶቻችን ስለ ቁጠባ ሥልጠና አልወሰዱም። ግን አንድ ጥሩ ነገር ሲደጋገም ጣዕሙ እንደሚሞት ያውቁ ነበር። 55 ቀን ሁዳዴን የጾመ ሰው በፋሲካ ሌሊት የሚቀምሳት የዶሮ ወጥ እና በየሳምንቱ የሚበላት ዶሮ አንድ ናቸው? ሙስሊም ጎረቤቴም በረመዳን የምታፈጥርባትን የመጀመሪያዋን ቴምር ስትነግረኝ ምራቄ ይመጣል። የበቆሎ እሸትም እንዲሁ ነው። በክረምት፣ ዝናቡ አባርቶ፣ መንገድ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበሰውን ገዝታችሁ ለሁለት ሰብራችሁ ከሰው ጋር ስትበሉ የሚጣፍጠው ወቅቱ አጭር ስለሆነ ጭምር ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይዛባብኝ። ቁጠባና ችግር አንድ አይደሉም። የነገ ዱቄት ለሌለው ሰው ስለ ፀሐይ መጥለቅ ማውራት ነውር ነው። ኑሮው እንዴት እንደተወደደ እናንተም እኔም ገበያ ስንሄድ እናየዋለን። እኔ የምናገረው ትንሽ ቢሆንም የምትተርፍ ነገር ላለን፣ ያቺንም ለነገ ብለን ለምናስቀምጥ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ወጪ አይደለም። በመሰልቸት ነው። በሥራ ዘመኔ ደብተራቸውን ዘግተው የወጡ አባላትን አነጋግሬአለሁ። ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ የጎደላቸው ብር አልነበረም፤ ሰልችቷቸው ነበር። እኔ የእነሱን ነገር የተረዳሁት በቀዩ ሶፋዬ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ኮሚቴው ከተስማማ። ለአዲስ አባላት በምንሰጠው የቤት ወጪ መመዝገቢያ ላይ ቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት የሚሉ መስመሮች አሉ። አንድ መስመር ይጨመርበት። ባለቤቴ ከሶፋው በኋላ በዚያ ሰማያዊ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ በራሷ እጅ “አይነካም” ብላ ጽፋ ነበር። ከሥሩ ያለው የቅዳሜ ቡና፣ ቄጤማና የብስክሌት ጥገና ነው። ስንት ጊዜ ልሰርዘው ፈልጌ ስንት ጊዜ እንዳፈጠጠችብኝ እዚያ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ ጠይቋት። ቤቱ ተሠርቶ አልቋል። ከአሰብነው ሁለት ዓመት ዘግይቷል፤ ግማሹ መዘግየት የሶፋው ነው።

ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አይተዋል፣ ገብቶኛል። የኦዲት ሪፖርቱ ከእረፍት በኋላ ይቀጥላል። ውጭ ዛፉ ሥር ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ አቦሉም ደርሷል። ዘንድሮ ስኳር አልተገዛም። ጤና አዳም ከጓሯችን ቆርጠን አምጥተናል፤ በሩ ላይ ባለቤቴ ይዛዋለች።