ቢቢሲ፣ እድር እና ድራማ፦ የሕዝብ ቴሌቪዥን ምንድን ነው?

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የሚዲያ ተማሪዎች ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ይዤ መጥቻለሁ። የሕዝብ አገልግሎት ብሮድካስቲንግ። እና ድራማ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ብዙ ነገር! ምሳሌያችን ብሪታኒያ ናት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

መጀመሪያ ግን እድር። አዎ፣ እድር!

እድር እንዴት ነው የሚሠራው? ሁሉም በየወሩ ያዋጣል። ዘንድሮ ሐዘን ያልደረሰበትም ያዋጣል። «እኔ ቤት ለቅሶ የለም፣ አልከፍልም» የሚል የለም። ድንኳኑም ፎቅ ቤት ላለው፣ ጭቃ ቤት ለሚኖረውም ያው ድንኳን ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ድንኳን ሲተከል ገመድ እይዝ ነበር። ሸራው ላይ የእድሩ ስም በቀለም ተጽፏል። ብረት ድስቱ ላይም ተጽፏል። የወንበሩ ጀርባ ላይም ተጽፏል። ለምን? የማንም የግል ዕቃ እንዳይሆን! ዳኛው ጠቅልሎ ቤቱ አያስገባውም። ሀብታሙ እድርተኛም «ብር አለኝና ድንኳኑ ለእኔ ብቻ» አይልም።

በቃ፣ የሕዝብ ብሮድካስተር ይኼ ነው። ሁሉም ያዋጣል። ለሁሉም ይደርሳል። የማንም አይደለም። ይቺን ያዙልኝ።

ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ ክፍል ውስጥ ስለተማራችሁት። ቢቢሲ በ1922 ኩባንያ ሆኖ ተቋቋመ፣ በ1927 በንጉሣዊ ቻርተር፣ ማለትም በንጉሡ ስም በተሰጠ መቋቋሚያ ሰነድ፣ ኮርፖሬሽን (የሕዝብ ተቋም) ሆነ። ጆን ሪዝ የሚባለው መሪው ሦስት ቃል ተከለበት፦ ማሳወቅ፣ ማስተማር፣ ማዝናናት። ገንዘቡ በዋናነት ከቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ፣ ማለትም ቴሌቪዥን የሚያይ ቤተሰብ ከሚከፍለው ይመጣል፣ በ2025 በዓመት 174 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ነበር። አይቲቪ በ1955፣ ቻናል 4 በ1982 ሥርጭት ጀመሩ። ሁለቱም የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፣ ግን የሕዝብ አገልግሎት ግዴታ አለባቸው፤ ዜናን የመሰለ ለሕዝብ የሚጠቅም ፕሮግራም ማሳየት አለባቸው። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ነው። አለቀ! የፈጠነባችሁ መልሳችሁ ስሙት።

አሁን ወደ ኮመንቶቹ። «ቢቢሲ እኮ የመንግሥት ነው!» ይሄን የጻፈልኝ አንድ ሁለት ሰው አይደለም። አልፈርድባችሁም። «የሕዝብ» እና «የመንግሥት» አንድ ነገር መስለውን ነው ያደግነው። ግን አንድ አይደሉም። እንደገና እድራችን ጋ እንሂድ። ወረዳው እድሩን ሊመዘግበው ይችላል። ማኅተም ሊመታለት ይችላል። ታዲያ እድሩ የወረዳው ሆነ? አልሆነም! መዋጮው የአባላቱ ነው፣ ደንቡም የአባላቱ ነው። ቻርተርም እንደዚያ ነው። ተቋሙን ያቆመዋል እንጂ ዜናውን አይጽፍለትም።

ግን እውነቱን እንነጋገር። መንግሥት እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ አለ። የቦርዱን ሰብሳቢ የሚያቀርበው መንግሥት ነው። ቻርተሩ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ሲታደስ ድርድሩ ከመንግሥት ጋር ነው። ብዙዎቻችሁ የምትከታተሉት ቢቢሲ አማርኛም በ2017 ሲጀመር የብሪታኒያ መንግሥት ገንዘብ ነበረበት። ስለዚህ ፈተና ላይ «የመንግሥት ነው» አትበሉ፣ «ፍጹም ነፃ ነው»ም አትበሉ። ጉተታውን ጻፉ። ነጥቡ እዚያ ጋ ነው።

በነገራችን ላይ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁን አድርጉ። ይሄም መዋጮ ነው፣ ብር ግን አይጠይቅም!

እሺ፣ ድራማ። ተማሪ ሁሉ ስለ ሕዝብ ሚዲያ ጻፍ ሲባል ዜና ላይ ይቆማል። ዜናውን ተዉትና ድራማውን እዩ ነው የምለው። በ1966 ቢቢሲ «ካቲ ከም ሆም» የሚል ድራማ አሳየ። ኬን ሎች ነው ያዘጋጀው። ቤት ያጣች እናት ታሪክ ነው። መጨረሻው ላይ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ልጆቿን ከእጇ ይወስዱባታል። 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው። ቤት ማጣት የአገር መነጋገሪያ ሆነ።

የቅርቡ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በጃንዋሪ 2024 አይቲቪ «ሚስተር ቤትስ ቨርሰስ ዘ ፖስት ኦፊስ»ን በአራት ክፍል አሳየ። ነገሩ እውነተኛ ነው፤ ቤትስም ፖስታ ቤቱን የተሟገተው የቅርንጫፍ ኃላፊ ነው። ሆራይዘን የሚባል የፖስታ ቤቱ የኮምፒውተር ሥርዓት ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ እያለ፣ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ቅርንጫፍ ኃላፊዎች በሌብነትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። ድራማው ውስጥ አንዲት ሴት አለች፣ የገጠር ሱቅና ፖስታ ቤት የምትሠራ። ሂሳቡ አልገጥም ብሏት እርዳታ መስመር ትደውላለች። «ይሄን ተጫኚ» ይሏታል። ትጫናለች። የጎደለው ሁለት ሺህ ፓውንድ ዓይኗ እያየ አራት ሺህ ይሆናል። ስልኩን እንደያዘች ክው ትላለች። እኔም ክው አልኩ።

ጋዜጠኞች ይህን ከ2009 ጀምሮ ጽፈዋል። ፍርድ ቤት በ2019 ሥርዓቱ ችግር እንዳለበት ተናግሯል። ሰው ግን አልነቃም። ድራማው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሆነ! ሌሊት ተነፋ፣ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። በቀናት ውስጥ መንግሥት ሕግ አወጣለሁ አለ። በሜይ ፓርላማው ፍርዱን በጅምላ የሚሽር ሕግ አጸደቀ።

ልብ በሉ፣ ይህን ያሳየው በፈቃድ ክፍያ የሚኖረው ቢቢሲ አይደለም። በማስታወቂያ የሚኖረው አይቲቪ ነው። ያውም በድራማው እንደከሰረ ራሱ ተናግሯል። ታዲያ የሕዝብ አገልግሎት የሚባለው ገንዘቡ የመጣበት መንገድ ነው? ወይስ ሥራው? ለእኔ ሥራው ነው። እናንተስ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ቻናል 4ን እናነሳለን፤ በመልሶቻችሁ ነው የምጀምረው።